የፍልፈል ቁልልና ተራራ

የሰው ልጅ ከሚያነሣቸው የሥነ ምግባር ጥያቄዎች መካከል ቀላል መስሎ ከባድ የሚሆነው «ነገሩ ምን ያህላል?» የሚለው ይመስለኛል። እውነትን ከሐሰት ስለ መለየት ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተመክሯል። ነገር ግን አንድ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ መጠኑ ቢዛባ፣ ማለትም ትንሹ እንደ ትልቅ፣ ትልቁም እንደ ትንሽ ተደርጎ ቢነገር፣ ተናጋሪው ዋሸ እንላለን ወይስ አልዋሸም? ዋሸ ካልንስ ልኩን የሚያውቀው ማን ነው? ሚዛኑስ በማን እጅ ይገኛል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከአንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ተነሥተን ጥቂት እንመርምረው።

ከፈሊጡ ጋር የተዋወቅሁት በተማሪነቴ ዘመን መዘዞ ውስጥ ነው። መዘዞ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጣርማ በር ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ፣ ብርድና ጉም የማይለያት፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት አገር ናት። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ፈሊጡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈና ቃል በቃል ሲመለስ «ከፍልፈል ቁልል ተራራ መሥራት» ማለት እንደሆነ ነገረን። ቀጥሎም ትርጉሙ ኢምንቱን ነገር አጋኖ ማውራት፣ በጥቃቅኑ ሁሉ ቡራ ከረዩ ማለት መሆኑን አስረዳን። ጣቱን እሾህ ወግቶት «እጄ ተቆረጠ» እያለ መንደሩን ስለሚያውክ ልጅም ምሳሌ ሰጠን። ሳቅን፤ ፈሊጡም ገባን። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ የገበሬ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ፍልፈሉ የቆለለው ከገብሳችን መሀል ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም ፈገግ ብሎ፣ «ይህ እንኳ የእንግሊዝኛ ሳይሆን የግብርና ጥያቄ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ፈሊጥ አለፈ።

ጥያቄው የግብርና ብቻ እንዳልነበረ የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ወደ እሱ ከመመለሳችን በፊት ግን የፈሊጡን የትውልድ ሐረግ ማየት ይጠቅማል።

ከእንግሊዞቹ ፍልፈል አስቀድሞ የግሪኮች ዝንብ ነበረች። በሁለተኛው መቶ ዓመት በኤፍራጥስ ዳር በምትገኘው በሳሞሳታ የተወለደው ሉቅያኖስ የተባለው ፌዘኛ ደራሲ ዝንብን የሚያወድስ አንድ አጭር ጽሑፍ በግሪክኛ ትቶልናል። የዝንቧን ክንፍ፣ ጉልበትና ጀግንነት እስኪበቃው ካሞገሰ በኋላ ጽሑፉን የሚዘጋው፣ ከዝንብ ዝሆን የሚሠራ ሰው እንዳይመስል በመስጋት ነው። ይህንንም በጊዜው ይነገር የነበረ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ምሳሌውን ኤራስመስ ከሰበሰባቸው ጥንታዊ አባባሎች መካከል እናገኘዋለን። በ1548 እ.ኤ.አ. የኤራስመስ የሐዲስ ኪዳን ማብራሪያ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲታተም፣ ኒኮላስ ዩዳል የንግግር ጥበበኛ ነን ባዮቹን የግሪክ ሶፊስቶች ለመንቀፍ ከዝንቧና ከዝሆኑ ጎን የፍልፈሉን ቁልልና ተራራውን አኖረ። ዝሆንን ዐይቶ ለማያውቀው የእንግሊዝ ገበሬ የጓሮው ቁልል ሳይቀርበው አልቀረም፤ ዝሆኑ በዚያ አገር እየተረሳ ሲሄድ ቁልሉ ግን እስከ ዛሬ ቆየ። የሚያስደንቀው ደግሞ ይኸው ዩዳል የቴአትር ጸሐፊ መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ኮሜዲ ነው የሚባለው «ራልፍ ሮይስተር ዶይስተር» የእሱ ሥራ ሲሆን ዋናው ገጸ ባሕሪይም ጉረኛ ሰው ነው።

ሌሎች ሕዝቦችም ለዚሁ ድካም የየራሳቸው ስም አላቸው። ጀርመን ከትንኝ፣ ሩሲያዊ ከዝንብ ዝሆን ይሠራል። ፖላንዳዊ ከመርፌ መንሽ ያወጣል። ፋርሳዊ ከገለባ ተራራ ይክባል፤ ዐረብም ከአንዲት ፍሬ ጉልላት ያቆማል። እኛም ጉዳዩን የምንገልጽበት ቃል አላጣንም፤ «ማጋነን» እንላለን። ቃሉ «ገነነ» ከሚለው ግስ የመጣ በመሆኑ «ገናና» ከሚለው የክብር ቅጽል ጋር ዘመዳማች ነው። እንግዲህ ማጋነን ማለት ላልገነነው ነገር የገናናነት ካባ መደረብ ነው ማለት ይቻላል። «ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የሚለውና «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው ምሳሌያችንም ይህንኑ ድካም ይጠባበቃሉ። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ነገር ከተስማማ ማጋነን የሰው ልጅ የጋራ ጥፋት ነው ብሎ መደምደም ሳይቻል አይቀርም ነበር።

ሆኖም የክፍል ጓደኛዬ ጥያቄ እዚህ ላይ መንገድ ይዘጋብናል። የእንግሊዞቹ እንስሳና የእኛ ፍልፈል ዘራቸው ለየቅል ነው። የእነሱ የሚኖረው በትልና በነፍሳት ነው፤ ቁልሉ የመስኩን መልክ ቢያበላሽ እንጂ እህሉን አይበላም። የእኛው ግን ከአይጥ ወገን ሲሆን ምግቡ ሥር ነው። ደጋው ሁሉ ያውቀዋል፤ የመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮም ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ሲሳዩ ነው። ገበሬው በማሳው መሀል አንድ አዲስ ቁልል ባየ ጊዜ የሚያስበው ስለ ቁልሉ ቁመት አይደለም። የሚያስበው ከቁልሉ በታች ስለተዘረጋው መሿለኪያና ስለሚቆረጠው ሥር ነው። ቁልሉ ስንዝር ይሆናል፤ ጉዳቱ ግን በስንዝር አይለካም። ይህን ዐይቶ ጎረቤቱን የጠራ ገበሬ ከፍልፈል ቁልል ተራራ ሠራ ይባላልን? አይባልም። ያየው ምልክቱን ነው፤ የተናገረውም ከምልክቱ በስተጀርባ ስላለው ነገር ነው።

የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲል ይህን ማለቱ ነው። እሳቱ ገና ጭላንጭል ሳለ የጮኸን ሰው «አጋነንክ» ብንለው፣ ቤቱ ሲነድ የሚጮኸውን «ዘገየህ» ልንለው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውም ምሳሌ የነገር መጠን የሚታወቀው ከላይ በሚታየው ጉብታ ሳይሆን ከታች ባለው ሥር መሆኑን ያስተምራል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ነገርን በቁመቱ ሲመዝን፣ የእኛ ምሳሌ በሥሩ ይመዝናል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ አንደኛው በሌላኛው ቦታ ሲገባ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ከልክ ያለፈ ንግግር ሁሉ ሐሰት ነውን? የሚል ይሆናል። በትምህርት ቤት «ግነት» ከዘይቤ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ይሰጣል። ነገር ግን ግነትን ለመማር ትምህርት ቤት የገባ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም፤ በገበታ ላይ ተምሮት ነው የሚያድገው። ባለቤቷ እንግዳዋን አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ «በሞቴ!» ትላለች። እንቢ ካለም «አፈር ስሆን!» ስትል ታክላለች። እንግዲህ ልብ ብለን ብናየው፣ ለአንዲት ጉርሻ ሞትንና መቃብርን መጥራት ከፍልፈል ቁልልም ተራራ ከመሥራት ይበልጣል። ይሁንና እንግዳው ደንግጦ ሐኪም አይጠራም። ሴትዮዋም ዋሸች የሚላት የለም። ቃሉ የጉርሻዋን መጠን አይናገርም፤ የሚናገረው እንግዳው በእሷ ዘንድ ያለውን ስፍራ ነው። የፍቅርን መጠን የሚገልጽ ሌላ ቁና ስለሌላት ሞትን ቁና አደረገችው።

ፎካሪውም ብቻውን ሠራዊት እንደበተነ ሲያቅራራ፣ ሰሚው ሬሳ ሊቆጥር አይወጣም። አልቃሿ በሙሾዋ ሟቹን የአገር ምሰሶ ብትለው፣ ጣሪያው ወረደ ብሎ የሚሸሽ ለቀስተኛ የለም። እነዚህ ሁሉ ግነቶች መሆናቸው በግልጽ የታወቀ፣ ተናጋሪና ሰሚ አስቀድመው የተዋዋሉባቸው ናቸው። የተታለለ ሰው ከሌለ ማታለል የለም። በመሆኑም የኪነ ጥበብ ግነትና የቅጥፈት ግነት በመጠን ሳይሆን በውል ይለያያሉ።

ግነት ከመውደድ ወይም ከማወደስ ብቻም አይመነጭም፤ ከርቀት የሚወለድም አለ። ይህን ያስተማረኝ መድረክ ነው። ተዋናይ በመድረክ ላይ የሹክሹክታውን ንግግር እንኳ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች እንዲሰማው አድርጎ መናገር አለበት። ፊቱንም የሚቀባው ሩቅ ያለው ዐይን ገጽታውን እንዲለይ ነው። ከመድረኩ ጎን ቆሞ ለሚያየው ሰው ድምፁ ጩኸት፣ ቀለሙም ጭምብል ይመስለዋል፤ ከኋላ ለተቀመጠው ግን ልክ ነው። እንግዲህ ድምፁ የጎላው ነገሩ ስለ ጎላ ሳይሆን ሰሚው ስለ ራቀ ነው። አቤቱታውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ደሃ «አለቅን፣ ጠፋን» ብሎ የሚጀምረው ስለዚህ ይሆናል። «ትንሽ ቸግሮናል» ብሎ ቢጀምር የሚሰማው አለመኖሩን ከተሞክሮ ያውቃል። በእንዲህ ያለው ሰው ግነት ውስጥ የተናጋሪው ብቻ ሳይሆን የሰሚውም ጥፋት አለበት። ጆሮ በራቀ ቁጥር ቃል ያብጣል።

ይህን ስል ግን ለማጋነን ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ውሉን ያፈረሰ ግነት ቤት ያፈርሳል፤ ሰውም ይገድላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻን አይረሳም። ጭሰኞቹ ተጨማሪ ግብር አንከፍልም ባሉ ጊዜ ፊታውራሪው ጉዳዩን መርምሮ ከመፍታት ይልቅ የክብር ጦርነት አድርገው ዘመቱ፤ ፍጻሜውም በገዛ ጭሰኞቻቸው እጅ መማረክ ሆነ። ከራሳቸው ክብር ቁልል ተራራ የሠሩ ሰው ከተራራው ጫፍ ወደቁ።

የባሰውንም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ እናገኛለን። ኢያጎ አንዲት መሐረብ ይዞ ትዳር ያፈርሳል፤ ንጹሕ ሴት ያስገድላል። ይህን ትራጀዲ ደጋግሜ ባነበብሁት ቁጥር የሚገርመኝ ኢያጎ መሐረቧን ትልቅ ናት አለማለቱ ነው። የሚያደርገው ወደ ኦቴሎ ዐይን ማቅረብ ብቻ ነው። አንዲት ጣት ዐይን ላይ ከተደቀነች ከፊት ያለውን ተራራ ሙሉ በሙሉ ትጋርዳለች። ከፊት የነበረው ተራራ የዴዝዴሞና ታማኝነት ነበር። እንግዲህ የወሬኛ ጥበብ ሁልጊዜ ነገሩን በመንፋት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ከዐይን እጅግ አቅርቦ ሌላውን ሁሉ በመከለልም ይሠራል። በየገጠሩ በአንድ ስንዝር ወሰን የተጀመረ ክርክር በወሬ እየተቀጣጠለ ወደ ደም የሚያደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ደግሞ ወሬው በእጅ ስልክ ከዐይናችን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሲደቀን መሐረቡን የሚይዝ ኢያጎ እንኳ አላስፈለገም።

ማጋነን ሌላም ኃጢአት አለበት። «ተኩላ መጣ!» እያለ መንደሩን በከንቱ ያስጮኸውን እረኛ ታሪክ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እረኛው የዋሸው ስለ ትናንቱ ተኩላ ቢሆንም የበደለው የነገውን እውነት ነው። በሐሰት የተጠራ ጆሮ በእውነት ሲጠራ ይሰንፋል። ስለሆነም በየምክንያቱ «አለቅን» የሚል ሰው የሚሰርቀው ከሰሚው ብቻ አይደለም፤ ነገ በእርግጥ ሊያልቅ ከደረሰው ምስኪን ላይ ቃሉን አስቀድሞ ይሰርቀዋል።

እዚህ ላይ የመዘዞን ጉም ላንሣ። በዚያ ደጋ ጉም በወረደ ዕለት የተጋደመ በግ በሬ ያህላል፤ ቁጥቋጦው ሰው ይመስላል። ልጆች ሳለን ከቁጥቋጦ እየሸሸን የተሯሯጥንበት ቀን ብዙ ነው። ያው ጉም ግን ሌላም ሥራ ይሠራል። በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ገደል ሸፍኖ ሜዳ ያስመስለዋል። ቁጥቋጦን ሰው አድርጎ ያየ መንገደኛ ቢበዛ ይስቁበታል፤ ገደልን ሜዳ አድርጎ ያየ ግን የሚስቅበትም አያገኝ። አንዱ ጉም ሁለት ስሕተት ይፈጥራል። ትንሹን ማተለቅና ትልቁን ማሳነስ ይባላሉ። ለፊተኛው ሕዝቦች ሁሉ መሳለቂያ ፈሊጥ አበጅተውለታል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የረጋና የጨዋ ሰው ጠባይ ይመስላል። «አትደናገጡ»፣ «አታጋንኑ»፣ «ያልፋል» ይላል። ትንኝ አጥርቶ ግመል የሚውጠው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ከሩቅ አገር አንፈልግም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ በሚረግፍበት ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስፍራው ድረስ ሄደው በዐይናቸው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው መጥተው በዩኒቨርሲቲው አሳዩ። የመንግሥት ወገን ግን ነገሩን ማድበስበስ መረጠ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ያወቀውን የአገሩ ሰው በይፋ እንዲያውቀው አልተፈለገም ነበር። ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ የታየው ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው በዋዜማው ነው። ተራራውን የፍልፈል ቁልል ያደረገ መንግሥት ተራራው ተናደበት።

ከዚያም ታሪክ አልተማርንም። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚመጣውን ረሃብ አስታውቆ እርዳታ ሲጠይቅ ከለጋሾቹ መካከል ቁጥሩ ተጋኗል ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ። በአገር ውስጥ ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት እስኪከበር ድረስ ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ መናገር አልተወደደም። በጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሣው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ምስል ሲታይ ግን ማንም «ተጋነነ» ሊል አልደፈረም። ልብ እንበል፤ ያ ረሃብ ምስሉ በታየ ቀን አልተለቀም። ቀድሞም ያው ነበር። የተለወጠው የተመልካቹ ርቀት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በመንግሥታትና በለጋሾች ላይ ከፈረድሁ በኋላ ስለ ራሴ ዝም ማለት አይገባኝም። ያ ፈሊጥ በተሰጠን ሰሞን የክፍል አለቃ ነበርሁ። ስለ ፍልፈሉ የጠየቀው ልጅ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ምን ሆንህ ብለው «በረሃብ ሞትሁ» አለኝ። እንዲህ ማለት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ምሳ ግማሽ ሰዓት የዘገየበት ሁሉ ይለዋል። እኔም አዲስ በተማርሁት ፈሊጥ ለመኩራራት፣ በእንግሊዝኛ «ከፍልፈል ቁልል ተራራ አትሥራ» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። በጥበቤ ረክቼ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። እሱ አልመለሰልኝም፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

ያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ነበር። ይህን የማያውቅ በመንደሩ አልነበረም፤ እኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን የበልግ መቅረት ማለት ከአጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ ትምህርት ቤት መምጣት ማለት መሆኑን አላሰብሁም። ልጁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ ሲባል ሰማሁ። ዘይቤ ነው ብዬ ያለፍሁት ቃል ዘይቤ አልነበረም። እሱ የተናገረው ጥሬውን እውነት ነበር፤ ግነት አድርጌ የሰማሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የነገርን ልክ የሚያውቅ ማን ነው? ከላይ ባየነው መሠረት በቅድሚያ የሚያውቀው ነገሩ የደረሰበት ሰው ነው፤ ነገር ግን ሕመም ጉም ነውና እሱም ሊሳሳት ይችላል። የሩቁ ተመልካች ከሕመሙ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ርቀትም ጉም ነውና እሱም ይሳሳታል። ታዲያ ሁለቱም ከተሳሳቱ ሚዛኑን ከማን እናገኛለን?

መልሱን አባቶቻችን በሽምግልና ሥርዓት ውስጥ ያኖሩልን ይመስለኛል። ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ሲጣሉ አንዱ «መሬቴን በሙሉ ወሰደው» ይላል፤ ሌላው «አንዲት ትልም እንኳ አልነካሁም» ይላል። አንዱ ያተልቃል፤ ሌላው ያሳንሳል። ደህና ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሁለቱን ቃል በማካፈል መሀሉን አይፈርድም። ተነሥቶ ወሰኑ ድረስ ይሄዳል፤ ድንጋዩን ያያል፤ የጥንቱን ምልክት ይጠይቃል። ፍርዱ የሚታመነው ቃሉ ስላማረ ሳይሆን እግሩ ስለ ደረሰ ነው። ከጉም ውስጥ ሆኖ በግ ወይም በሬ ነው እያሉ መከራከር ማብቂያ የለውም፤ ቀረብ ብሎ መዳሰስ ግን ያበቃዋል።

በዚህም ምክንያት አንድ ደንብ ልናወጣ እንችላለን። «አጋነንክ» የሚለውን ቃል ለመናገር መብት ያለው ሄዶ ያየ ወይም ጠይቆ የተረዳ ሰው ብቻ ነው። ሳያዩ «አጋነንክ» ማለት ራሱ ግነት ነው፤ የገዛ ራስን ዕውቀት ማጋነን። በአንጻሩ አቤት ባዩም ግዴታ አለበት። ድምፁን ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ነገሩን ከፍ ማድረግ ግን አይገባውም። ከፍ ያለ ድምፅ ሰሚውን ይጠራል። ከፍ የተደረገ ነገር ግን ሰሚው መጥቶ ያየ ዕለት ያዋርዳል፤ ከኋላ የሚመጣውንም እውነተኛ አቤት ባይ መንገድ ይዘጋል።

ለእኛ ለብዕር ሰዎች ደግሞ ሸክሙ ዕጥፍ ነው። የእኛ መሣሪያ ግነት ነው፤ ያለ እሱ ፉከራም ሙሾም ቴአትርም የለም። ነገር ግን አንድ የጥበብ ሰው ቃሉን ከማብዛቱ በፊት የሚያጎላው ምን እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። የራቀውን አቅርቦ ለማሳየት ያጎላ እንደሆነ ግነቱ የእውነት አገልጋይ ነው። የቀረበውን ከዐይን ደቅኖ ሌላውን ለመከለል ከሆነ ግን ምንም ያህል ስንኙ ቢያምር መሐረብ የያዘ ኢያጎ ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ዐላማቸው ነው።

«ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ይገናኛል» እንደተባለው፣ ያን የክፍል ጓደኛዬን ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በደብረ ብርሃን መናኸሪያ አገኘሁት። በግ ነጋዴ ሆኗል፤ ልጆችም አሉት። እጄን ይዞ ከአንድ ትንሽ ምግብ ቤት አስገባኝ። ብዙ ካወጋን በኋላ ያን ቀን አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ «እንግሊዝኛህ እንኳ አልገባኝም ነበር» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ሳቁም አልከፋኝም፤ እኔም በሰው እስቅ ነበር። የቆረቆረኝ ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድ እንኳ ‹እህል ቀምሰሃል ወይ?› ብሎ አለመጠየቁ ነው» አለ።

እኔ በዚህ ሁሉ ገጽ ለመናገር የሞከርሁትን እሱ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው። የነገርን ልክ ለማወቅ ሚዛን ይዞ መዞር አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ አንዲት ጥያቄ ትበቃለች። እኔ ያን ቀን ያጣሁት ዕውቀት አልነበረም፤ ያጣሁት ያችን ጥያቄ ነበር።

ምግቡ ቀረበ። ጠግቤያለሁ ብዬ እጄን ስሰበስብ እሱ እንጀራውን ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋና፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን ይህችን ብቻ!» አለኝ። ጎረስሁ።